ሥላሴ ዕለት የተወጋች ዶሮ

ሰብሊ እስክትመጣ ድረስ በዚያ ጣቢያ ኮምፒውተር ማለት ወንዳወቅ ነበር። ጣቢያው ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ፣ በበቆሎ ማሳ ተከቦ የሚገኝ፣ የአገር ዶሮ የሚያጠና ትንሽ የምርምር ቅርንጫፍ ነው። ማተሚያው ወረቀት ሲጎርስ "ወንዳወቅን ጥሩት" ይባላል። ቫይረስ ሲገባ "ወንዳወቅ የት ሄደ?" ይባላል። ሪፖርት ለክልል ሊላክ ሲል መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ደግሞ "ኧረ ወንዳወቅ ድረስልን!" ነው። እሱም ሲጠራ ቶሎ አይነሣም። ሻዩን ይጨርሳል፣ የሹራቡን እጅጌ ይሰበስባል፣ ይንጠራራል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይሄዳል። መፈለጉን የሚወድ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው፤ አይፈረድበትም።

በ2006 የካቲት ላይ ሰብሊ መጣች። እዚያው ፍኖተ ሰላም ተወልዳ ያደገች፣ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ገና ዓመት ያልሞላት፣ አዲስ አበባ ልዩ ሥልጠና ወስዳ የተመለሰች ልጅ ናት። ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣ ጥቁር መስኮት ትከፍትና ነጭ ፊደል ትጽፍበታለች፤ መዳፊት የሚባል ነገር አትነካም። ከዶሮ ደም የሚነበበውን የዘር መረጃ፣ ጂኖም የሚሉትን፣ የሚተነትነው ፕሮግራም የሚሠራው በዚያ ጥቁር መስኮት ውስጥ ነው። ወንዳወቅ በመጀመሪያው ቀን ከኋላዋ ቆሞ አየና፣ "ይኼማ የድሮ ነው፣ ዶስ ይባል ነበር" አለ።

"አይደለም ጋሼ፣ ሌላ ነው። ይቀመጡና ላሳይዎት?" አለችው።

አልተቀመጠም። ትሕትናዋ ነበር የባሰበት። ትዕቢተኛ ብትሆን ከልቡ ይጠላትና ይገላገል ነበር፤ እሷ ግን በር ላይ ስትገናኘው "ይለፉ ጋሼ" ትላለች፣ ሻይ ስታዝዝ ለእሱም ታዝዛለች፣ የሚጠላበት ምክንያት አሳጣችው። ምክንያት ሲያጣ ደግሞ ጥላቻው ቀረ ማለት አይደለም። ያለ ምክንያት ገብቶ ተቀመጠ።

ትንሽ ቆይቶ ማተሚያው ወረቀት ሲጎርስ "ሰብሊ!" መባል ተጀመረ። የጣቢያው ኃላፊ ዶክተር ማህዲ የቡሬ ነጋዴ ልጅ ነው፤ ነገር ሲያጥር ደስ የሚለው፣ በቀላሉ የማይስቅ ሰው። አንድ ቀን ከሰብሊ ክፍል የዶክተሩ ሳቅ ተሰማ። ወንዳወቅ ግድግዳውን ተደግፎ አዳመጠ። አብሮት ሲሠራ በኖረባቸው ዓመታት ሁሉ ያን ሳቅ እሱ አንድም ቀን አላሳቀውም። ያን ቀን ምሳውን በቅጡ አልበላም።

ማታ ቤቱ ሲገባ ወሬው ሁሉ እሷው ነበረች። ዛሬ ሰብሊ እንዲህ አለች፣ ዛሬ ሰብሊ እንዲያ አደረገች። ባለቤቱ አቻምየለሽ በዋናው መንገድ ዳር የጨርቅ ሱቅ ያላት፣ የሰው ፊት ማንበብ የለመደች ሴት ናት።

"አንተ ሰውዬ፣ ሌላ ሚስት ብትሆን እስካሁን ጓዟን ጠቅልላ ሄዳለች" አለችው። "እኔ ግን ዓይንህን አየዋለሁ። ወደሃት አይደለም። ቀንተህ ነው።"

"እኔ? በዚያች ልጅ?"

"በዚያች ልጅ" አለችና ወጡን ጨለፈችለት።

ይህ ሁሉ ተራ ቅናት ሆኖ ይቀር ነበር፤ ማን በሥራ ቦታው የማይቀና አለ? ነገር ግን በሐምሌ ወር አንድ ወሬ መጣ። ለጣቢያው አንድ የሁለተኛ ዲግሪ የትምህርት ዕድል ተሰጥቷል። አንድ ብቻ። ወንዳወቅ ያን ዕድል ሰባት ዓመት ጠብቆታል። በየዓመቱ ለሌላ ጣቢያ ይሰጣል፣ በየዓመቱ "የሚመጣው ዓመት" ይባላል፣ እሱም በየዓመቱ የምረቃ ወረቀቱን ኮፒ አድርጎ ያዘጋጃል። አሁን መጣ፤ መንገዱ ላይ ግን ሰብሊ ተቀምጣለች።

ነሐሴ እንደገባ ዶክተር ማህዲ ሁለቱንም ጠርቶ በአጭሩ ነገራቸው። "ዕድሉ ጂኖም ላይ ነው። ትንተናው እስከ ነሐሴ መጨረሻ ግምገማ ከወጣ የምትሄደው ሰብሊ ናት፤ መሥራቷን አሳየች ማለት ነው። ካልወጣ ተራው የወንዳወቅ ነው። በዚህ ቅር የሚለው አለ?"

ሁለቱም ቅር አይለንም አሉ። ወንዳወቅ ሲወጣ ግን አምላኩን የለመነው ትንተናው እንዳይወጣ ነበር። በፍልሰታ ጾም እንዲህ ያለ ልመና መለመኑ ትንሽ አሳፈረው፤ ቢሆንም ለመነ።

የሚገርመው ነገር፣ የሚተነተኑት ዶሮዎች የራሱ የወንዳወቅ ዶሮዎች መሆናቸው ነው። ባለፈው ዓመት፣ ከግንቦት 2005 ጀምሮ፣ ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ባለው ገጠር በእግሩ እየዞረ፣ ከየገበሬው ጓሮ ዶሮ እየያዘ፣ ከክንፏ ሥር ደም የቀዳው እሱ ነው። ለእያንዳንዷ ዶሮ ኮድ ያወጣላትም እሱ ነው። ኮዱ ቀላል ነበር፦ በመጀመሪያ ዶሮዋ በዚያ ወር ስንተኛ እንደሆነች፣ ቀጥሎ ወሩ፣ ቀጥሎ ዓመቱ። በሐምሌ ሰባተኛ የተወጋችው ዶሮ 7-11-05 ትባላለች። በወር ከሠላሳ የማይበልጥ ዶሮ ነው የሚይዘው፤ በዚህ አያያዝ ሁለት ዶሮ በአንድ ስም አይጠራም። ኮዱን ቱቦው ላይ ይጽፋል፣ ማታ ቡሬ ባረፈበት ሆቴል ተቀምጦ ላፕቶፑ ላይ ከዶሮዋ መልክና ከቀበሌዋ ጋር ያስገባዋል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ደግሞ "አውራ ዶሮም ይጨመር" የሚል ትእዛዝ መጣ። አውራ ዶሮ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ! ገበሬው ሁሉ አውራውን እግሩን አስሮ ለገበያ ሲያሰናዳ ወንዳወቅ በጳጉሜ ጭቃ ከቤት ቤት እየሮጠ ሃያ ሁለት አውራ ዶሮ አደረሰ። ደማቸውን በቀዳ በማግሥቱ አብዛኞቹ ወጥ ሆነዋል።

ቱቦዎቹ ውጭ አገር ላለ ላቦራቶሪ ተላኩ፣ የተነበበውም መረጃ በየኮዱ ተመልሶ መጣ። የቀረው ያን መረጃ ወንዳወቅ ካስገባው የዶሮዎቹ ፋይል ጋር ማዛመድ ነው፦ ይህ ጂኖም የቀይ ዶሮ ነው፣ ይህ የገብስማ፣ ይህ ከቡሬ፣ ይህ ከዚያ ማዶ። ፕሮግራሙ ይህን ካላገኘ አይሠራም። ሰብሊም ማዛመዱን ጀመረች፤ ፕሮግራሙም እምቢ አላት።

አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን እምቢ አላት። ወንዳወቅ በመስኮት በኩል ሲያልፍ ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ይዛ ያያታል። በእነዚያ ቀናት ምሳው ጣፈጠው። አቻምየለሽን ሳይቀር ሱቋ ድረስ ሄዶ ጨርቅ አጣጠፈላት።

በአራተኛው ቀን ሰብሊ ራሷ መጣች።

"ጋሼ፣ እባክዎን አንዴ ይዩልኝ። ዶሮዎቹን የሚያውቋቸው እርስዎ ነዎት።"

ሻዩን ጨረሰ። እጅጌውን ሰበሰበ። ሄደ።

ጥቁሩ መስኮት ላይ በእንግሊዝኛ የስሕተት መልእክት ተደርድሯል። "ምን ይላል መሰለዎት" አለች፣ "በሁለቱ ፋይሎች ውስጥ ስማቸው የሚገጥመው ሃያ ሁለት ዶሮዎች ብቻ ናቸው ይላል። ሌሎቹን አላውቃቸውም ይላል።" ቀጥላ እሱ የሰጣትን ፋይል ከፈተችለት። "ይዩ፣ እዚህ ግራው ጋ ኮድ መሆን ነበረበት። ያለው ግን ቀን ነው። 4/12/2005፣ ነሐሴ አራት። 19/10/2005፣ ሰኔ ዐሥራ ዘጠኝ። ደሙን የቀዱበት ቀን መሰለኝ። የጳጉሜዎቹ አውራ ዶሮዎች ብቻ ናቸው ኮድ ያላቸው። የሌሎቹ ኮድ የት እንደገባ አላውቅም።"

ወንዳወቅ ጎንበስ ብሎ አየ። እውነትም ቀን ይመስላል። የኛ አገር ሰው ያን ቁጥር ሲያይ ነሐሴ አራት ሁለት ሺህ አምስት ከማለት ሌላ ምን ይላል? እሱም ቢሆን ለጥቂት ጊዜ እንደዚያው አነበበው። ዓይኑ ወደ ታች ወረደና አንድ መስመር ላይ ቆመ።

7/11/2005። ሐምሌ ሰባት።

ሐምሌ ሰባት ሥላሴ ነው። ሥላሴ ዕለት ወንዳወቅ ዶሮ አልወጋም። ሊወጋ ቢፈልግስ የቡሬ ገበሬ ሥላሴ ዕለት ደም ቀጂ በጓሮው ያስገባዋል? በዱላ ነው የሚያባርረው። ያን ዕለት ቡሬ ቤተ ክርስቲያን አስቀድሶ፣ ከማኅበርተኞች ጋር ጠላ ሲጠጣ ነው የዋለው። ወደ ላይ አየ፦ ሐምሌ አምስት፣ የጴጥሮስ ወጳውሎስ ዕለት፤ እሱም አለ። ወሮቹ ከአንድ ጀምረው አንድም ቀን ሳይዘሉ ሰንበቱንም በዓሉንም ይዘው ይወርዳሉ።

ቀን አይደለም። ኮድ ነው።

ነገሩ ሁሉ ባንድ ጊዜ በራለት። 7-11-05 የሚለውን ኮድ የሠንጠረዥ ፕሮግራሙ ኤክሴል ቀን መስሎት ወደ 7/11/2005 ለወጠው። ሁሉንም ለወጣቸው፤ አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል ነገር ስለማያውቅ ግን የጳጉሜዎቹን አልነካቸውም። 4-13-05ን ሲያይ ቀን ሊመስለው ስላልቻለ እንዳለ ተወው። ለዚህ ነው የተረፉት አውራ ዶሮዎቹ ብቻ የሆኑት። መድኃኒቱም ቀላል ነው፤ ቀን የሚመስለውን መልሶ ኮድ ማድረግ ብቻ። የሻይ ሰዓት አይፈጅም።

ማን እንደለወጠውም ወዲያው አወቀ። ፋይሉን ገጠር ሲያስገባ ተራ ጽሑፍ ነበር። "አዲስ አበባ የሠለጠነች ልጅ ልትመጣ ነው" ሲባል ግን በኤክሴል ከፈተው፤ ዓምዶቹን አሰፋ፣ ርእሱን አረንጓዴ ቀባ፣ ሥራው ያማረ መሆኑን እንድታይለት። ዓይኑ ሁሉ ቀለሙ ላይ ስለነበር ግራውን ልብ አላለውም። ገና ሳያያት ቀንቶባት ነበር።

"ጋሼ?" አለች ሰብሊ። "ኮዱ ለብቻው ዓምድ ነበረው?"

አሁን መናገር ነበረበት። አፉ ላይ ነበር። "እዪ ሰብሊ፣ ሥላሴ ዕለት ዶሮ ይወጋል?" ቢላት አበቃ፤ ምን ያህል ትስቅ ነበር፣ ምን ያህል ታደንቀው ነበር! ከዚያ ግን ዶክተር ማህዲ ዘንድ ትሮጣለች። ትንተናው ይወጣል። ዕድሉ የእሷ ይሆናል። እሱም እንደገና የሹራቡን እጅጌ እየሰበሰበ ወረቀት የጎረሰ ማተሚያ ሲያስተፋ ይኖራል።

"ነበረው" አለ።

"እና ይሄኛው ቀን ነው?"

"ቀን ነው። የጳጉሜዎቹን ስቸኩል ኮዱን ቀኑ ቦታ ላይ አስገብቼው ይሆናል። ሌላው ግን ሙሉ ነበር። አንቺ ጋ ከደረሰ በኋላ፣ በዚህ በጥቁሩ መስኮትሽ ምን እንደሆነ እኔ አላውቅም።"

ሰብሊ እጇን ከመጻፊያው ላይ አነሣች። የመጀመሪያውን ፋይል የሰጣት በፍላሽ ነበር፤ ፍላሹም ላፕቶፑም ቫይረስ ገብቶባቸው ከተጸዱ ቆይተዋል፤ ማመሳከሪያ የለም። "እንግዲያ እኔ ነኝ ያጠፋሁት" አለች በቀስታ። ወንዳወቅ ወደ ክፍሉ ተመለሰ፤ ሻይ ደግሞ አዘዘ። ራሱን የሚያጽናናበት ሐሳብም አዘጋጀ፦ ዶሮዎቹ አልጠፉም፣ ትንሽ ይቆያሉ እንጂ። ዕድሉ በእጁ ከገባ በኋላ፣ በሳምንቱ፣ "አገኘሁት!" ብሎ ይነሣል። ያን ጊዜ ተማሪም ይሆናል፣ ጀግናም ይሆናል። ማን ይጎዳል?

የነሐሴ መጨረሻው ግምገማ በትልቁ አዳራሽ ተደረገ። ትልቁ አዳራሽ የሚሉት ወንበር የበዛበትን መጋዘን ነው። በዚያን ዘመን ግምገማ የማያውቅ የመንግሥት ሠራተኛ የለም፤ አንድ ሰው ተነሥቶ መጀመሪያ በራሱ ላይ ሂስ ያደርጋል፣ ከዚያ ሌላው ሁሉ ይወርድበታል። ወንዳወቅ በሰብሊ ላይ የሚለውን ሁለት ማታ ሲያጠናው ነበር። "የተረከበችውን መረጃ በጥንቃቄ አለመያዝ" የሚል ሐረግ ነበረው፤ እያጣጣመ ይዞት ገባ።

ሰብሊ ግን ቀደመችው። ከሁሉ በፊት ተነሣች።

"ትንተናው አልወጣም" አለች። "የሌላ የማንም ጥፋት አይደለም። ጋሼ ወንዳወቅ ክረምቱን ሙሉ በጭቃ ዞረው ያመጡትን ፋይል ተቀብዬ የኮዱን ዓምድ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እንዴት እንዳጠፋሁት እንኳ አላውቅም። አንድ ቦታ ሌላ ስሕተት ይኖር ይሆን ብዬ ጠርጥሬ ነበር፤ ጋሼን ሳሳያቸው ግን የለም አሉ። እሳቸው የለም ካሉ የለም። ስለዚህ ራሴን እሂሳለሁ።"

በዚያ አዳራሽ ሰው ራሱን የሚሂሰው "አንዳንዴ አረፍዳለሁ" በማለት ነው። እንዲህ ያለ ሂስ ሰምተው አያውቁም። የወንዳወቅ ሐረግ አፉ ውስጥ ቀረ።

ዶክተር ማህዲ ጺሙን እያሻሸ ቆየ። "ወንዳወቅ" አለ፣ "አየኸው አይደል? ፋይሉ አይድንም?"

ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ። ይህን ያህል ዓይን ባንድ ጊዜ ካየው ቆይቷል።

"አይድንም" አለ።

"እሺ። ወንዳወቅ አይድንም ካለ አይድንም" አለ ዶክተሩ። "እንግዲህ አውራ ዶሮዎቹ ኮድ አላቸው፣ ደግነቱ። እነሱ እንኳ ቢፈለጉም አይገኙም፣ ተበልተዋል። ሴቶቹ ግን ያሉት አሉ። ደማቸው እንደገና ይቀዳል። የማን ዶሮ የት እንዳለች የሚያውቅ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው።" ወደ ወንዳወቅ አየ፤ በእውነት ያዘነ ይመስል ነበር። "ተራው ያንተ ነው ብዬ ነበር። ቃሌን መብላቴ ነው። ግን ይሄ ሥራ እስከ ኅዳር ይይዝሃል፤ ትምህርቱ የሚጀመረው በጥቅምት ነው። አንተ ከሄድክ ጥናቱ ይሞታል። ዕድሉ ደግሞ ከተመለሰ ሁለተኛ አይሰጡንም። ሰብሊ እስክትመለስ መረጃውን ታደርሳለህ። ሰብሊ ትሂድ። ዛሬ እንዳየሁት ከሆነ ቢያንስ አትዋሽም።"

ተጨበጨበ። ወንዳወቅም አጨበጨበ፤ እጁ የሚያጨበጭበው በራሱ ጊዜ ነበር።

ያን ማታ ለአቻምየለሽ ምንም አልነገራት። ተጋድሞ ጣራ ጣራውን እያየ አሰበ። ነገ ጠዋት ተነሥቶ "አገኘሁት" ቢልስ? ቢል ትንተናው ይወጣል፤ ትንተናው ከወጣ ዕድሉ የሰብሊ ነው። ባይልም የሰብሊ ነው። በሁለቱም በኩል ዘግቶታል፤ የዘጋውም ራሱ ነው። የሚቀረው ጭቃው ብቻ ነው። ከጭቃው የሚያድነው አንድ ቃል ነበር፤ ያን ቃል ግን ለእሷ አይሰጣትም። ዕድሉን ወሰደች፤ ጭብጨባውን ወሰደች፤ ይህን እንኳ ከእኔ እጅ አታገኝም አለ። ቡትስ ጫማውን አውጥቶ አዘጋጀና ተኛ።

በጳጉሜ ዝናብ ከቡሬ ወዲያ ወዳለው ገጠር ወረደ። ቡሬ ድረስ በመኪና፣ ከዚያ በጋሪ፣ ጋሪውን ጭቃ ሲይዘው በእግሩ። ባለፈው ዓመት የዞረበትን መንገድ መልሶ ዞረው። አንዳንዷ ዶሮ ተሽጣለች፣ አንዳንዷን ሸለምጥማጥ በልቷታል፣ ያሉት ግን እያሳደደ ይዞ ወጋቸው። ቱቦው ላይ 13 ሲጽፍ በየጊዜው ያመዋል። የጳጉሜ ዶሮ ኤክሴል አይነካትም፤ ከመስከረም እስከ ኅዳር የሚቀዳውን ደግሞ እሱ በኤክሴል አይከፍተውም፤ ይህ ሁሉ አዲስ ደም ያለ ምንም ስሕተት ያልፋል። ለምን ያ ፋይል እምቢ እንዳለ ማንም ሳያውቅ ይቀራል፤ በሕይወቱ ካያቸው ነገሮች ሁሉ ብልህ የሆነውን ነገር ይዞት ይቀበራል።

ዋርካው ማርያም በምትባለው መንደር እማማ ወለተ ኢየሱስ የሚባሉ ባልቴት አሉ። ገብስማ ዶሮ ነበረቻቸው፤ አለች። ከጎታው ሥር ይዘው ራሳቸው አመጡለት።

"እንዴት ከርመሃል ልጄ? ይችማ አምና ተወግታ የለም እንዴ?"

"ተወግታ ነበር እማማ።"

"ደሟ ጠፋባችሁ?"

ወንዳወቅ ዶሮዋን ብብቱ ሥር አድርጎ ክንፏን ዘረጋ። "ጠፋ" አለ።

"ኸረ ወዲያ! የተማረ ሰው ሁሉ ተሰብስባችሁ የዶሮ ደም ይጠፋችኋል?" ብለው ሳቁና መደቡ ላይ ተቀመጡ።

ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። በዚያ መንደር ኔትወርክ ያለው እማማ ወለተ ኢየሱስ ደጃፍ ካለው ዋርካ ሥር ብቻ ነው፤ እሱም ከእነ ዶሮዋ ወደዚያው ተጠጋ። ሰብሊ ናት።

"ጋሼ! የት ነዎት?"

"ዋርካው ማርያም።"

"ዶሮ ይዘዋል?"

"ይዣለሁ።"

"ይልቀቋት።"

"ምን?"

"ይልቀቋት ጋሼ፣ ይመለሱ፣ አንድም ዶሮ አልጠፋም!" ትንፋሿ ይቆራረጥ ነበር። "ማታ ለእናቴ ስለ እርስዎ ስነግራት፣ ጋሼ አምና ሐምሌ ሰባት በዝናብ ዶሮ ሲወጉ ነበር፣ ዘንድሮ በእኔ ጥፋት እንደገና ገቡበት ስላት ምን አለችኝ መሰለዎት? ሥላሴ ዕለት ማነው ዶሮውን የሚያስወጋ አለችኝ። ሌሊቱን ሳልተኛ አደርኩ። ጠዋት ገብቼ ሌሎቹን አየሁ፣ ሰንበቱም በዓሉም አለ። ቀን አይደለም ጋሼ! ኮዱ ራሱ ነው፣ ኤክሴል ነው ቀን ያደረገው። ጳጉሜን ስለማያውቅ ነው አውራ ዶሮዎቹ የተረፉት። መልሼ ኮድ አደረግኋቸው፣ ሁሉም ገጠመ። ፕሮግራሙ አሁን እየሠራ ነው። ዶክተር ማህዲ ምን ያህል እንደሳቀ ቢያዩ!"

ዝናቡ ዋርካው ቅጠል ላይ ይወርድ ነበር።

"ጋሼ፣ ይሰማሉ?"

"እሰማለሁ።"

"መጀመሪያ ለእርስዎ ልደውል ብዬ ነው። በጭቃ እንዳይለፉ።" ከዚያ ድምጿ ዝግ አለ። "እኔ እኮ ኮዱ ለብቻው ዓምድ ነበረው ስላሉኝ ነው…" አለችና አቆመች። እሱም ጠበቀ። ከወዲያ በኩል የሰው ድምፅ፣ የበር ድምፅ ይሰማል። "ይሁን" አለች በመጨረሻ። "ዓመት አልፎት ነበር። ይረሳል።"

ታውቅ እንደሆን ከድምጿ ሊለይ ሞከረ፤ አልቻለም።

"ግን ይገርማል ጋሼ። ያን ሁሉ ቀን ስናየው ከሁላችን አንድ ሰው እንኳ እንዴት አላየውም?"

አፉን ከፈተ። እኔ አይቼዋለሁ። ከሁላችሁ ቀድሜ፣ እናትሽ ሳትናገር፣ ባንድ እይታ፣ ጎንበስ ብዬ አይቼዋለሁ። ከየካቲት ጀምሮ ሊላት የፈለገው ይህንኑ ነበር፤ አሁን ደግሞ እውነት ነው። የማይባለውም እውነት ስለሆነ ነው።

"አላየነውም" አለ።

ስልኩን ኪሱ ከተተ። እማማ ወለተ ኢየሱስ ከመደቡ ላይ ሆነው እያዩት ነበር።

"ማን ናት?"

"የመሥሪያ ቤት ልጅ ናት።"

"ክፉ ነገር አወራችህ?"

"የለም። የጠፋውን አገኘችው።" ቀጥሎም "ጎበዝ ናት" አለ።

"ታዲያ እሰየው ነው" አሉ እማማ፤ ከዚያ ብድግ ብለው መጡና እጁን መታ መታ አደረጉት። "ዶሮዬን ልቀቅ እንጂ ልጄ፣ አነቅሃት።"

ወንዳወቅ ወደ ብብቱ አየ። እጁን ፈታ።